የወረቀት ኮድ

ለቡ በሚገኘው የሶፍትዌር ድርጅት ለቅጥር የቀረቡት ሌሎቹ ተፈታኞች ኪቦርዳቸውን ሲያንጣጡ፣ መርዋ የቅንፍ ቁልፉ የት እንዳለ በጣቶቿ ትፈልግ ነበር። ኮሌጅ እያለች ኮምፒውተሩ ለአርባ ተማሪ አንድ ስለነበር፣ ኮድ የተፈተነችው ሁሌም በወረቀት ነው።

ድንገት መብራት ሄደ። "ሴቭ አላደረግኩም!" ብሎ አንዱ ጮኸ። መርዋ የጥያቄውን ወረቀት ገልብጣ እስክሪብቶ አወጣች፤ እጇ አንዴም ሳይደናቀፍ ኮዱን እስከ መጨረሻው መስመር ጻፈች።

"ሰዓት አልቋል" አለ ፈታኙ። ወረቀቷን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለና መስመር በመስመር አነበበው።

"ስምሽን ጻፊበት እንጂ፤ ለአለቃዬ ላሳየው ነው" አላት።

ስሟን ጻፈች። ከሥሩም፣ ሳታስበው፣ የኮሌጅ መታወቂያ ቁጥሯን አሰፈረች።