ኳሷ የት ደረሰች?

«አገባን ወይስ ገባብን?» አሉ ወልደ ኪዳን፣ ፊታቸውን ወደ ልጃቸው መልሰው።

አመተ ሥላሴ ደነገጠች። አባቷ ዐይናቸው ከጠፋ ወዲህም ከላሊበላ ኳስ ሜዳ ቀርተው አያውቁም። ማታ ቤት ሲገቡ ጨዋታውን ቁጭ ብሎ እንዳየ ሰው ነበር የሚያወሩላት።

«ገባብን፣ አባባ። የኮን ከተማ ልጆች አገቡ። ጩኸቱን አልሰሙም እንዴ?»

«ጩኸቱንማ ሰማሁ። የደስታ ይሁን የንዴት አልለይ አለኝ እንጂ።»

የተቀመጡት እሷ ራሷ በነደፈችው አዲሱ የሲሚንቶ መቀመጫ ላይ ነው። ደረጃው ሰፊ ነው፤ የያንዳንዱ ሰው ቦታ በቀለም ተከልሏል፣ ማንም ማንንም አይነካም። ዛሬ ሲመረቅ አባቷን እጃቸውን ይዛ ያመጣቻቸው በኩራት ነበር። ከሜዳው ማዶ ግን፣ ድሮ እርሻ በነበረው ተዳፋት፣ የዚህን እጥፍ የሚሆን ሰው በጠባቦቹ የድንጋይ እርከኖች ላይ ተጠጋግቶ ቆሟል። ሰኞ እዚያም እንዲህ ያለ መቀመጫ ሊሠራ ዶዘር ይገባል።

«እዚያ ማዶ ሲቆሙ በምን ነበር የሚያውቁት?» አለች።

«በአፍ የሚነገር አይደለም። ይልቅ ውሰጂኝ።»

በጎሉ ጀርባ ዞረው ወጡ። «ለአባባ ቦታ ልቀቁላቸው!» አለ አንዱ፤ ሰዉ ገፋ ገፋ ብሎ ለአንድ ሰው እንኳ በማይበቃ ክፍተት ሁለቱን አስገባቸው። ከፊቷ የቆመው ሰውዬ ጋቢ አፍንጫዋን ነካት።

«በይ ጨፍኚ» አሉ አባቷ።

ጨፈነች። መጀመሪያ ግርግር ብቻ ነበር። ቆይቶ ከግራዋ አንድ ትከሻ ተጫናት፤ ወዲያው የቀኟም ሰው ዘንበል አለ። የሁሉም ክብደት ቀስ እያለ ወደ አንድ ወገን ይሄድ ጀመር። ማጅራቷ ላይ ያርፍ የነበረው የኋለኛው ሰው ትንፋሽ ድንገት ቀጥ አለ።

«በቀኝ እየሄድን ነው» አለች፣ ሳታስበው። «አሁን አሻገራት!»

«ማን ነገረሽ?» አሉ አባቷ እየሳቁ።

ወዲያው ተዳፋቱ በሙሉ ወደ ፊት ተወዘወዘ፣ ከዚያ ፈነዳ። እግሮቿ መሬት ለቀቁ። ወልደ ኪዳን ክንዷን ይዘው ይዘላሉ፤ «አቻ! አቻ ሆን!» ይላሉ፣ ማንንም ሳይጠይቁ።

ዐይኗን ስትገልጥ ወደ ሜዳው አላየችም። ያየችው እግሯ ሥር ያለውን ድንጋይ ነው። ምን ያህል ቢጠብ፣ ምን ያህል ከፍ ቢል ነው ይህ ሁሉ ሰው ሳይወድቅ እንዲህ የሚደጋገፈው?

«ዶዘሩ እንዲቆይ እጠይቃለሁ፣ አባባ» አለች። «ቆይ፣ መጀመሪያ ይሄን ልለካው።»

ጎንበስ ብላ በሰዉ እግር መካከል ገባችና እርከኑን በስንዝሯ ትለካ ጀመር። ሕዝቡ ገና እየዘለለ ነበር። አባቷ ማንም እንዳይረግጣት ሁለት ክንዳቸውን ዘርግተው በላይዋ ቆሙ።