ካሰች ወይስ ካሳነሽ

አራሷ ጨቅላዋን ታቅፋ የባሏንና የአማቷን ክርክር ትሰማለች። አማቷ «ካሰች እንበላት» ይላሉ። ባሏ ደግሞ ካሳነሽ ካልተባለች ሞቼ እገኛለሁ ብሏል።

«ሁለቱም ያው በሞተ ልጅ ምትክ ለተወለደች የሚወጣ ስም ነው» አሉ አማቷ፣ አጥሚቱን እያቀበሏት። «ካሰች ግን ለመጥራት ይቀላል።»

አራሷ አጥሚቱን ፉት አለች። እሷም ልቧ ካሳነሽ ላይ ነው፤ አማቷን መጋፈጥ ግን ከብዷታል።

ከመጋረጃው ጀርባ ሳል ተሰማ። ታላቋ ልጇ ናት፤ ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠው ወደ ቤት ከመለሷት ወዲህ ከአልጋ አልወረደችም።

«እማዬ፣ ካሰች በሏት» አለች ልጅቷ። «ካሳነሽ ስል ትንፋሽ ያጥረኛል።»

አማቷ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«አላልኩህም?»