ሐጎስ ያዋሳት ካሴት

«አሁን ይቺን ልጅ ምን ብዬ ነው የምመልስላት?»

ወይዘሮ ብርነሽ ይህን ራሳቸውን የጠየቁት መስኮቱ ሥር ቆመው፣ አንድ ፖስታ ነጠላቸው ውስጥ ሸሽገው ነው። ከመጋረጃው ወዲያ የልጅ ልጃቸው ፀሎት ፍራሹን ገልብጣ፣ መሳቢያውን ጎትታ፣ አሁን አልጋው ሥር ገብታለች።

«እማማ፣ ቴፑ ላይ ትቼው የሄድኩትን ካሴት አላዩም?»

«የቱን?» አሉ፣ የቱ እንደሆነ እያወቁ።

«ጥቁሩን ነዋ፣ ጓደኛዬ ሐጎስ ያዋሰኝን። በቃ፣ ዛሬ መልሺልኝ ብሎኛል እኮ።»

ከውጭ የሻንጣ መጎተት ይሰማል። ጎረቤታቸው ጀሚላ ዛሬ ከሰዓት ወደ ቤይሩት ትበራለች፤ የሚወስዳት ኮንትራት ታክሲ በሯ ላይ ደርሷል። ቤይሩት ደግሞ የፀሎት እናት የትምወርቅ አለች። ከፋሲካ ወዲህ ድምጿ ጠፍቷል። ሲደወል አሠሪዋ ታነሳና በዓረብኛ ጮኻ ትዘጋለች። የሚላክላት ደብዳቤ እጇ ይግባ አይግባ የሚያውቅ የለም። ሰው በእጁ ካላደረሰላት በቀር ሌላ መንገድ የለም፤ ካዛንቺስ ውስጥ ደግሞ እዚያ የሚሄድ ሰው በየቀኑ አይገኝም።

ካሴቱ ላይ ከመቅዳታቸው በፊት ሰምተውታል። ዘፈን ቢሆን እጃቸውን አይዘረጉም ነበር። ሰው ያስላል፣ ሰው ይሳሳቃል፣ አገር ምድሩ ይንጫጫል፤ ዘፋኙ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ እንደሚጣራ ሰው ከሩቅ ነው የሚሰማው። የተበላሸ ነው አሉ። የተበላሸ ካሴት ላይ መልእክት ቢቀዱበት ምኑ ነው ነውሩ?

ፀሎት መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ጸጉሯ ላይ አቧራ ተሸክማለች። ዓይኗ የነጠላው እብጠት ላይ አረፈ።

«ምንድን ነው የያዙት?»

«ለእናትሽ የምልከው መልእክት ነው። ለጀሚላ የምሰጣት። ባዶ መስሎኝ…»

«ባዶ?»

«ጫጫታ ብቻ ነው እኮ ያለው፣ ልጄ። ሰው ሲያስል።»

ፀሎት አልጮኸችም። ብትጮህባቸው ይሻላቸው ነበር። ወንበሩ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለችና ለትንሽ ልጅ እንደሚያስረዳ ሰው ቀስ ብላ ጀመረች።

«እማማ፣ ደስ የሚለው እሱ እኮ ነው። የድሮ የሮክ ባንድ ነው። አንድ ሰውዬ ኮቱ ውስጥ መቅጃ ደብቆ ገብቶ፣ ማለቴ፣ ሕዝቡ መሃል ቆሞ የቀዳው ነው። ሱቅ ውስጥ የሚሸጥ አይደለም። እኔ ሳልወለድ የሆነ ነገር ነው፤ ግን ያ የሚያስለው ሰውዬ አጠገቤ ያለ ነው የሚመስለኝ። ዘፋኙ ግጥሙ ሲጠፋበት ሕዝቡ ተቀብሎ ይዘፍንለታል። ሐጎስም ሌላ ቅጂ የለውም።»

ወይዘሮ ብርነሽ ቃሉን ሳይሆን ፊቷን ነው የሚያዩት። የትምወርቅም ቤቱን ጥላ ስትሄድ ፊቷ እንዲህ ክው ብሎ ነበር። ይቺም አንድ ቀን ተነሥታ ብትሄድስ?

«ይስጡኝ።»

«ጀሚላ ልትሄድ ነው እኮ።»

«ትሂዳ። በሌላ ጊዜ፣ በሌላ ካሴት ይልካሉ።»

«ሌላ ጊዜ ማን አለኝና ነው?»

ፀሎት ፖስታውን ከነጠላው ውስጥ መዘዘችው። ካሴቱን ከፖስታው አውጥታ ቴፑ ውስጥ ከተተችና ምን ያህሉ እንደጠፋ ለማወቅ ከመጀመሪያው አጫወተችው።

የወይዘሮ ብርነሽ ድምፅ ወጣ፤ ቀጭንና የሚቸኩል፣ የራሳቸው የማይመስል።

«…የትምወርቅ፣ እግርሽ ተሻለሽ ወይ? ፓስፖርትሽን መለሱልሽ? እኔ ደህና ነኝ፣ ስኳሩም አልባሰብኝም። ፀሎት ይኸው አጠገቤ ናት። ልታናግርሽ ፈልጋ ነበር፣ ጉሮሮዋን ይዟት ነው እንጂ። እማዬን ሰላም ይበሉልኝ እያለችኝ ነው…»

ፀሎት ቀና ብላ አየቻቸው። ጉሮሮዋን ምንም አልያዛትም። ባለፈው እሑድ «በጀሚላ ካሴት ልልክ ነው፣ ለእናትሽ አንድ ቃል በዪ» ሲሏት «የምለው የለኝም» ብላ መጋረጃዋን የሳበች እሷው ናት። ወይዘሮ ብርነሽ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

«…እሷም ትወድሻለች። አፏ እንቢ ብሏት ነው። በይ ደህና ሁኚ ልጄ።»

ቴፑ ቀጭ አለ። ከዚያ ስታዲየም ሙሉ ሰው ጮኸ። አጨበጨበ፣ አፏጨ፣ እግሩን መሬት ላይ ደበደበ፤ ቤቱ ሁሉ ተናወጠ። ወይዘሮ ብርነሽ ደንግጠው ደረታቸውን ያዙ። ከዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል፣ እዚሁ ጓዳ ያለ ይመስል፣ አንድ ሰው አሳለ።

ፀሎት አፏን በመዳፏ ከደነች። ትሳቅ ታልቅስ ሊለዩት አልቻሉም። ታክሲው ክላክስ አደረገ፤ ጀሚላ ከውጭ «እማማ ብርነሽ፣ መሄዴ ነው» ስትል ተሰማች።

«ተዪው ልጄ» አሉ ወይዘሮ ብርነሽ። «ይቅር። የቀረውን ለሐጎስ መልሺለት። አንቺ ብቻ አትቀየሚኝ።»

ፀሎት ቴፑን አጠፋችና ካሴቱን አውጥታ ጠርዙን ተመለከተችው። ሌላ ድምፅ እንዳይቀዳበት ሐጎስ የካሴቱን ጥርስ ሰብሮት ነበር። ወይዘሮ ብርነሽም፣ ሰፈሩ ሁሉ እንደሚያደርገው፣ ቀዳዳውን በማስቲካ ወረቀት ጠቅጥቀው ነው የቀዱበት። ልጅቷ ወረቀቱን በጥፍሯ ፈልፍላ አወጣችው። ከእንግዲህ ማንም አይቀዳበትም። ካሴቱን ፖስታው ውስጥ መለሰችና አፉን በምራቋ አሸገች።

ከዚያ ጫማዋን እንኳ ሳታጠልቅ፣ ፖስታውን ደረቷ ላይ እንደያዘች፣ በካልሲዋ ታክሲው ወደቆመበት ወጣች።