ማጣመሪያው ዝም ሲል

መሐሪ ከቡሬ ተነሥቶ ከማንኩሳ በላይ ወዳለው የሬዲዮ ማማ ሲወጣ ፀሐይ ዘንበል ብላ ነበር። ከኮረብታው ወገብ ላይ፣ ግንባረ ነጭ በቅሎ ላይ የተቀመጠ ሰው ቁልቁል ሲመጣ አየ። ሰውየው ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቧል። መሐሪን ሲያይ በቅሎዋን ከመንገድ አውጥቶ ባሕር ዛፍ ውስጥ ገባ።

መሐሪ ልብ አለ። ባለፈው ክረምት ከማማው ባትሪ ተሰርቋል፤ ሌባው እስካሁን አልተገኘም።

የመጣበት ሥራ ሌላ ነው። ማማው ላይ የሦስት መሥሪያ ቤቶች ሬዲዮ አለ፤ የአምቡላንስ፣ የውሃና የደን። ሦስቱም የሚናገሩት በአንድ አንቴና ነው። ሞገዳቸውን ሳያጋጭ አንድ ላይ የሚሰድደው ማጣመሪያ የሚሉት ሣጥን ነው። ድሮ ሰው በመፍቻ እየጠመዘዘ እንደ ክራር ይቃኘው ነበር፤ ይኸኛው ራሱን በራሱ ይቃኛል። ለየሬዲዮው ትንሽ ሞተር አለው። ሞተሩ እያንጎራጎረ የሬዲዮውን ሞገድ ይፈልጋል፤ ሲያገኝ ዝም ይላል።

ከቅዳሜ ጀምሮ የአምቡላንሱ ሞተር ይፈልጋል እንጂ አላገኘም። የጤና ኬላዎች ጥሪ ማማው ድረስ ይመጣል፤ ከማማው አምቡላንሱ ወዳለበት ወደ ፍኖተ ሰላም ግን አያልፍም።

መሐሪን ያስቸኮለው ደመወዙ አልነበረም። ሚስቱ አምለሰት የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ ማንኩሳ አባቷ ቤት ገብታለች፤ ወሯ ነው። ስልክ ከተቋረጠ ሰንብቷል። ምጥ ቢይዛት አምቡላንስ የሚጠራላት ይኸው ሬዲዮ ነው። መስመሩ እንደተከፈተ እሱም ማንኩሳን ጠርቶ ደኅንነቷን ሊጠይቅ አስቧል።

ዘበኛው አያ ካሴ በር ላይ ተቀበሉት። ሌላ ጊዜ ቢሆን «መጣ የሽቦ ወጌሻ!» ብለው ይተርቡት ነበር። ዛሬ ጉንጩን ስመው እጁን ሳይለቁ ቆዩ።

«እህል ቀምሰሃል?»

«በኋላ፣ አያ ካሴ። መጀመሪያ ሥራው።»

«በሞቴ! መጀመሪያ ብላ።»

ሚስታቸው እትዬ ስንዱ ከግርጌ ካለው ቤታቸው አገልግል ይዘው መጡ። እትዬ ስንዱ «አምለሰት መንታ ትወልድና እንቅልፍ ታጣለህ!» ብለው ሳይስቁበት ያለፉበት ቀን የለም። ዛሬ አገልግሉን አስቀምጠው፣ ቀና ብለው ሳያዩት ተመለሱ።

መሐሪ ይህንንም ልብ አለ። ጥፋት ያለበት ሰው ዓይን ለዓይን አይተያይም።

ሁለት ጉርሻ ጎርሶ ኃይሉን አጠፋና ሣጥኑን ከፈተ። ምስጥ አፈር አቡክቶ የሞተሩን ጥርስ ደፍኖታል።

«ሰሞኑን የጠራ ነበር?» አለ እየጠረገ።

«እሑድ ማታ ጠሩ። ደጋግመው ጠሩ። ይኸ ነገር ሲያንጎራጉር አደረ።»

«ከየት ነው የጠሩት?»

«ብርዱ ገብቷል» አሉ ካሴ። «ጋቢ ላምጣልህ።»

ጥርሱን ጠርጎ ኃይሉን መለሰ። ሞተሩ አንጎራጎረ፣ ቀሰስ አለ፣ ዝም አለ። አገኘ። ወዲያው ከድምፅ ማጉያው መሐሪ የማያውቀው የሴት ድምፅ ወጣ።

«አያ ካሴ! አያ ካሴ! ሰውየው መጣ? እነሱ ሊነጋጋ ሲል ይወጣሉ። እስከዚያ እንዳይ...»

ድምፁ ተቆረጠ። ካሴ ማጭድ ይዘው ከሬዲዮዎቹ ኋላ ቆመዋል። የድምፅ ማጉያውና የመነጋገሪያው ሽቦ መሬት ላይ ወድቋል። አረንጓዴዋ መብራት ግን እንደበራች ናት፤ የአምቡላንሱ መስመር ይሠራል። ካሴ የቆረጡት መሐሪ የሚሰማበትንና የሚናገርበትን ብቻ ነው።

«ምን ሠራህ፣ አንተ ሰውዬ?» አንቱታው ከመሐሪ አፍ ረገፈ።

«ጥፋቴ ነው።»

«እነማን ናቸው የሚመጡት?»

«ሲነጋ ታያቸዋለህ፣ ልጄ።»

«ልጄ አትበለኝ! ሚስቴ ወሯ ነው፤ እንዴት እንደዋለች እንኳ እንዳልጠይቅ አደረግኸኝ። ሌባ!»

ካሴ አንገታቸውን ደፍተው ስድቡን ተቀበሉ።

መሐሪ ዕቃውን ሲሰበስብ የማማ መውጫ ቀበቶውን አጣው። ካሴ ወስደው ደብቀውታል። አሁን ሁሉም ነገር ገጠመለት፤ ባለ በቅሎው ገዢ ነው፣ ሴትዮዋ አቀባይ ናት፣ ቀበቶው የማማውን መዳብ ለማውረጃ ነው። ወደ ማንኩሳ ልውረድ ሲል ካሴ ደፉ ላይ ተቀመጡ።

«መሽቷል፤ መንገዱ አያስኬድም። ከወረድህ እኔን ረግጠህ ነው።»

መሐሪ መፍቻ ጨብጦ ባትሪዎቹን ሲጠብቅ አደረ። ካሴ ጋቢያቸውን ትከሻው ላይ ጣል አደረጉለት፤ አሽቀንጥሮ ጣለው።

ሊነጋጋ ሲል ኮቴ ተሰማ። ጉሙ ኮረብታውን አልብሶታል። መሐሪ መፍቻውን እንደያዘ ወጣ። ከጉሙ ውስጥ መጀመሪያ የቄስ ጥምጥም ብቅ አለ፤ ቀጥሎም የሽማግሌዎች ከዘራ።

ገባው። ሌባው ነገሩ እንደተነቃበት ሲያውቅ ሽማግሌ ልኮበታል። የአገሩ ልማድ ነው፤ በዳይ ሽማግሌ ይሰድዳል፣ ተበዳይ ድንጋይ ተሸክመው ሲለምኑት ይቅር ይላል። እሱ ግን ይቅር አይልም። ሌሊቱን ሙሉ ሚስቱ ደህና ትሁን አትሁን ሳያውቅ ያሳደረውን ሰው ይቅር አይልም።

«ስለ ካሴ የመጣችሁ እንደሆነ» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «በከንቱ ደከማችሁ።»

ሽማግሌዎቹ ካሴን አልፈው መሐሪን ዙሪያውን ያዙት፤ ከኋላቸው ከግንባረ ነጯ በቅሎ ላይ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የወረዱት የአምለሰት አባት ነበሩ።