ጓድ አድነውና ቡናማው ጠርሙስ

በ፲፱፻፸ ዓ.ም. ጉለሌ ውስጥ ጣት የፖለቲካ ጉዳይ ነበር።

ሽሮ ሜዳ ግድግዳ ላይ በእጅ ማባዣ ማሽን የታተሙ የተከለከሉ ወረቀቶች እየተለጠፉ ስላስቸገሩ፣ ጣቱ ቀለም የነካው ሁሉ እንዲያዝ ታዘዘ። የተያዙት ሲመለሱ ያየ የለም።

የውሃ ምርመራ ላቦራቶሪው ካድሬ ጓድ አድነው፣ ረቡዕ ከውይይት ክበብ በኋላ ሠራተኛውን አሰልፎ እጅ በእጅ አየ። የላቦራቶሪ ቴክኒሺያኗ የደሳለች ሁለት ጣቶች ጠቁረዋል።

«ምንድነው ይሄ?»

«ሲልቨር ናይትሬት ነው ጓድ። የውሃ ጨው እንመረምርበታለን፤ በጣም ቀጥኖ ደግሞ ለአራስ ልጅ ዓይን መድኃኒት ሆኖ ጠብ ይደረጋል። እንዲህ እንዳለ ቆዳ ከነካ ግን ያጠቁራል። ቆዳው እስኪላጥ አይለቅም።»

«አሳዪኝ።»

በጥቁር መጋረጃ ወደተሸፈነው ክፍል ወሰደችው። በሩ ላይ ራሷ የጻፈችው ማስጠንቀቂያ ተለጥፏል፦ ከብርሃን ይጠበቅ፤ ያለ ጓንትና ያለ መነጽር አይነካ፤ ከአሞኒያ ጋር አይቀላቀል። እንደ ልማዷ ጓንቷን አጥልቃ ከቡናማው ጠርሙስ ትንሽ ቀዳች። ለእሱም ጓንት አቀበለችው።

«ጓንት የንዑስ ከበርቴ ልማድ ነው» አለና ሦስት ጣቱን ነከረ።

ጠበቀ። ጣቱ ረጠበ እንጂ አልጠቆረም።

«ታዲያ የታለ?»

«ፀሐይ ሲያየው ነው ጓድ።»

«ኬሚካልሽ ቀጠሮ ይሰጣል እንዴ?» ሳቀ። «ነገ ከቀበሌው በላይ የከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ጓዶች ይመጣሉ። ስለ ፀሐዩ ለእነሱ ትነግሪያቸዋለሽ።»

ደሳለችን የሚከስ ሪፖርት እዚያው ጽፎ ፈረመ። ከዚያ በጠራራ ፀሐይ፣ በእግሩ፣ ወደ ቤቱ ሄደ።

ሐሙስ ጠዋት የከፍተኛው ሰዎች ሠራተኛውን በር ላይ አሰለፉ። ለአርአያነት ቀድሞ እጁን እንዲዘረጋ የታዘዘው ጓድ አድነው ነበር። ሌሊቱን ጣቱን በሳሙና፣ በሎሚ፣ በመጨረሻም በአሸዋ ፈትጎታል። ሦስት ጥቁር ጣት፤ ከደሳለች በአንድ ይበልጣል።

«ኬሚካል ነው ጓዶች» አለ። «ፀሐይ ሲያየው ይጠቁራል። የሷም ጣት እንደዚሁ ነው። እኔ ራሴ አረጋግጫለሁ። ደሳለች፣ ንገሪያቸው እንጂ።»

ደሳለች ነገረቻቸው። አልተጣደፈችም።

አንዱን አብዮት ጠባቂ ጣቱን አስነክረው ፀሐይ ላይ አቆሙት። ጠቆረ። ሳይንስ አሸነፈ።

ጓድ አድነው የረቡዕን ሪፖርት ቀዶ በምትኩ ማኅተም ያረፈበት መመሪያ አወጣ፦ በዚህ ላቦራቶሪ የጠቆረ ጣት የሠራተኛው ክብር ስለሆነ ከእንግዲህ አይመረመርም።

ቅዳሜ ሽሮ ሜዳ አዲስ ወረቀት ተለጥፎ ዋለ።

ደሳለች በሰባት ዓመት ሥራዋ ያንን ጠርሙስ አንድም ቀን በባዶ እጇ ነክታው አታውቅም።