የዓለምነው ከሰል

ዓለምነው እናቱን ቢሰድቡበት ይታገሥ ይሆናል። ከሰሉን ከነኩበት ግን አበቃ።

አዘና ውስጥ ከሰል የማያከስል ገበሬ የለም ማለት ይቻላል። ሰዉ ማሳው ላይ ዲከረንስ የሚሉትን ግራር ይተክላል፣ ሲደርስ ቆርጦ ይከምራል፣ አፈር አልብሶ ያከስላል። ዓለምነውም ከዚህ ሌላ ሥራ አያውቅም፤ ከግራር ደኑም ሌላ ይህ ነው የሚባል መሬት የለውም።

ክንዴ ደግሞ ነጋዴ ነው። ከሰሉን ከገበሬው እየገዛ ቤቱ ያከማችና በአይሱዙ ወደ ዳንግላ ይጭናል። አንድ የገበያ ቀን የዓለምነውን ማዳበሪያ ሰው ፊት ዘረገፈና «ይኼ ከሰል ነው አፈር?» ብሎ አሳቀበት። ከሳቀ በኋላ ግን ገዛው፤ ነጋዴ ነዋ።

ብዙም ሳይቆይ የክንዴ ቤት ተቃጠለ። ቤተሰቡ ለቅሶ ሄዶ ስለነበር ሰው አልተጎዳም። ቤቱ ግን ከነዕቃው ወደመ።

ከእንጅባራ የመጡት የእሳት አደጋ ባለሙያዎች አመዱን አገላበጡና ውጤቱን ተናገሩ። ከሰሉ በደንብ ሳይበርድ ማዳበሪያ ውስጥ ገብቷል፤ ውስጥ ለውስጥ ሲጤስ ቆይቶ ቤቱን አቀጣጥሏል። የሌሎቹ ገበሬዎች ከሰል ቀደም ብሎ ተጭኖ ሄዷል። ቤት ውስጥ የነበረው የዓለምነው ብቻ ነው።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ክንዴ ካሣ ብሎ የጠየቀው የዓለምነውን የግራር ደን ነበር። ሽማግሌዎቹም የባለሙያዎቹ ውጤት ካልተለወጠ ደኑ ለክንዴ ይሁን ብለው ወሰኑ።

ዓለምነው ከተቀመጠበት ተስፈንጥሮ ተነሣ።

«ከሰሌ በርዷል! ሜዳ ላይ አሳድሬ፣ በእጄ ዳብሼ ነው የከተትኩት!»

«ታዲያ ቤቴን ምን አቃጠለው? መብረቅ?» አለ ክንዴ።

«እሱን አንተ ንገረን። ሚስትህን ይዘህ፣ ልጆችህን ይዘህ፣ ውሻህን ሳይቀር ይዘህ ሄድክ። ለቅሶ ውሻ ይዞ የሚሄድ ማነው?»

«ውሻው ራሱ ነው የተከተለን።»

ቤቱ ሲቃጠል ውሻው እዚያ አለመኖሩን እስከዚያ ድረስ ልብ ያለው አልነበረም። አሁን ግን ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ክንዴ ያን ደን ሽጥልኝ ብሎ ሲለምን እንደኖረ ሁሉም ያውቃል። ሹክሹክታው ከዚያ ቀን ጀመረ።

ዓለምነው ግን ሹክሹክታ አይበቃውም። በሚኒባስ እንጅባራ ሄደና ውጤቱን የፈረመችውን ባለሙያ፣ ሶስናን፣ ቢሮዋ ድረስ ገብቶ አፈጠጠባት።

«ልጄ፣ ስሜን አጠፋሽው።»

«ጋሽ ዓለምነው፣ እኔ የእርስዎን ስም አላውቅም። የማውቀው አመዱን ነው።»

«እሱንም አታውቂው!»

ሶስና ፊቷ ተለዋወጠ። «እሺ፣ ከሰሉ ካልሆነ ማነው ቤቱን ያቃጠለው ይላሉ?»

«ማንም ይሁን። ከሰሌ አይደለም።»

ዘበኛው ጎትቶ አስወጣው። እሱ ግን እየተመላለሰ በሯ ላይ ይቀመጥ፣ ባለጉዳይ በተሰበሰበ ቁጥር ይጮህ ጀመር። ልክፍት ነው አሉ ሰዎች።

በመጨረሻ ሶስና፣ ሰልችቷትም ይሁን ጥርጣሬ ገብቷት፣ ወደ አዘና ተመለሰች። የወደቀውን ቆርቆሮ አስነሥታ ራሷ ቆፈረች። ከላይ ያለው ከሰል አመድ ሆኗል፤ ከመሃል ጀምሮ ያለው ግን ጥቁር እንደሆነ ምንም ሳይነካው ተቀምጧል። የጓሮው ምሰሶ ደግሞ የተቃጠለው ከውጭ ወደ ውስጥ ነው። እጇን አራግፋ ወደ ሰዉ ዞረች።

«ተሳስተናል። እሳቱ ከውጭ፣ በሰው እጅ የተለኮሰ ነው።»

ሰዉ ሁሉ ወደ ክንዴ ዞረ። «ሌባ!» አለ አንዱ። «የራሱን ቤት አቃጥሎ የሰው ደን ሊበላ!» አለ ሌላው። ክንዴ «ምን በወጣኝ የገዛ ቤቴን!» እያለ ማለ፣ ተገዘተ፤ የሰማው የለም። ወዲያው የተጠሩት ፖሊሶች ሁለት እጁን ይዘው ወሰዱት።

ዓለምነው ዞር ብሎም አላየው። ዓይኑ ሶስና ላይ ነበር።

«ከሰሉስ?» አላት።

«ከሰሉ በርዶ ነበር።»

«ጮክ ብለሽ ንገሪያቸው።»

ጮክ ብላ ነገረቻቸው። ዓለምነው ሰው ፊት እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ማታ ሚስቱን እንቁን ደስታ አላስቀምጥ አላት። ደኑ ተርፏል፣ ስማቸው ታድሷል።

«ያ አረመኔ!» አለች። «የገዛ ቤቱን በእሳት! እንዴት እጁ አልተንቀጠቀጠም?»

«እሱማ የት ያውቃል» አለ ዓለምነው ጋቢውን እየተከናነበ። «ነፋሱ ክብሪቱን እያጠፋብኝ ስንት ጊዜ ነው የጫርኩት።»