የይትባረክ ኩርባ

በአዲሱ ሕግ የየመንገዱን የፍጥነት ወሰን የሚቆርጠው እዚያ ቦታ ሰው የሞተበት ቤተሰብ ነው። ወይዘሮ ስንዱ ልጃቸው ይትባረክ የተገጨበትን ኩርባ በሰዓት አስር ኪሎ ሜትር አድርገውታል። «ማንም ልጄ የወደቀበትን ቦታ ጥሎት አይበርም» ብለው ነበር። መኪኖች ሁሉ እዚያ ሲደርሱ በራሳቸው ያዘግማሉ።

ዛሬ ግን ሴት ልጃቸው ሰብለ ምጥ ጠንቶባት፣ ከኋላ ወንበር ላይ እጃቸውን ጨምድዳ ይዛለች። መኪናዋ ኩርባው ጋ ስትደርስ መዳህ ጀመረች። የሚነዳው ጎረቤታቸው ደምሰው መሪውን በቡጢ መታ።

«እትዬ ስንዱ፣ ብረግጣትም አትሰማኝም! ከእርስዎ በቀር የሚያዛት የለም።»

ወይዘሮ ስንዱ የነጠላቸውን ጫፍ ያፍተለትላሉ።

«እማዬ፣ እኔም እኮ ልጅሽ ነኝ» አለች ሰብለ።

«አርባ» አሉ፤ ድምፃቸው ለራሳቸውም አልተሰማቸውም። ደግመው ጮኹ። «አርባ!»

መኪናዋ ተፈተለከች። ኩርባው ዘወር ብለው ሳያዩት አለፈ።

ሰብለ ሐኪም ቤት እንደደረሰች ወንድ ልጅ በሰላም ተገላገለች። ወይዘሮ ስንዱ ወሰኑን ወደ አስር አልመለሱትም። አራሷን ይዘው ሲመለሱ ግን ኩርባው ጋ መኪናዋን አስቆሙና ወረዱ፤ ያቺን ቦታ ሕፃኑን ታቅፈው በእግራቸው፣ ቀስ ብለው ተሻገሯት።